የመዝገቧ ላም

ባቲ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
ቃል አመላልሻለሁ ከጆሮ ወደ አንደበት።
አንድም ቀን አልቀረሁ፣ ከአንዲት ሰኞ በቀር፤
ሰኞ ገበያ ነው፤ ግመሉ ከበር በር
ተደርድሮ ቆሞ መንገዱን ዘጋብኝ።
(ዳኛው ይህን ሰምተው ሳቁና ማሩኝ።)

እኔ እስክደርስ ድረስ
ሐሊማ ቡሽራ ቀርባ፣ በቁርአን ምላ፣
ለርቢ የሰጠችውን አደም ወሌ እንደ በላ
ተናግራ ጨርሳለች፣ «ሬኤ ላማ» ብላ።
ሁለት ፍየል ማለት ነው። ሌላ አልወጣትም።

ጸሐፊው ቢተው ግን፣ በቅርብ ከደሴ የመጣ፣
ጆሮው የነገረውን ወረቀት ላይ አወጣ፤
የማ እግሯ ታጠፈ፣ ም ሆና ተጻፈች፣
አንዲት ላም በዚያች ቀን ከብዕር ተወለደች።
ሳትረገዝ፣ ሳትታለብ፣ ቀንድ ሳታበቅል
ፋይል ቁጥር ወጣላት፣ እንደ ሰው፣ እንደ በደል።

ፍርዱ ሲነበብ፣ «ፍየልና ላም ክፈል» ሲባል፣
አደም ራሱን ያዘ፦
«ፍየሉንስ እሺ፤ በላሁት፣ አላብልም፤
ላም የምትባል ፍጡር በደጄ አላለፈችም!»
ከሳሿም ግራ ገባት። ላም ኖሯት አታውቅም።
ግን ዳኛ ካለማ፣ እንጃ፣ እምቢም አትልም።
ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሰው ሳቀና
«ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ጀመረና
ዳኛው ሲያዩት ዋጠው።

ማታ ቢተው መጣ፣ ዐይኑን መሬት ጥሎ፣
«ቢመሳሰልብኝስ፣ ምን ላድርግ» ብሎ።
ምን ልበለው? እኔም ያደግሁት በዚህ ነው፤
እናቴ «ቢሻን» ስትል፣ ውሃ ጠምቷት፣ ደክማ፣
«ቢሻንስ?» ይል ነበር አባቴ፣ እንዳልሰማ፣
«ቢሻንስ፣ ብንፈልግ፣ ማን ይከለክለናል?»
ቅሉ ግን በእጁ ነው፤ ሞልቶት ይመጣል።
እሷ «መና» ስትል ጎጆዋን ልትጠራ፣
ለሱ ባዶ ነበር፣ የከንቱ ሰው ሥራ፤
ይስቁ ነበረ።
ከሞተች በኋላ፣ ከደጃፉ ወጥቶ፣
የተዘጋውን በር አይቶ፣ አይቶ፣ አይቶ፣
«መና» አለ።
ቤት ማለቱ ይሁን፣ ከንቱ ማለቱ፣
አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ እኔ ቃል ሲመሳሰል አላምንም፤
ዘሩን እጠይቃለሁ፣ እንደ ሙሽራ ሽማግሌ።
መሪጌታ ጽጌ «ላህም» አሉኝ፣ ላሟን፤
ሼህ ጦሃ «ለሕም» አሉ፣ ብልቷን፣ ሥጋዋን፤
በዕብራይስጥ ኅብስት ነው፤ ቤተ ልሔም ያልነው
ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ይኸው የሱ ቤት ነው።
አንዲት ቃል ተሰማርታ፣ ታርዳ፣ ተጋግራ፣
በሦስት ቤት ማዕድ በአንድ ስም ስትጠራ፣
ላማ ግን፣ ሁለቷ፣ ባዳ ናት፣ ዘር የላት፤
ፊቷ ብቻ ነው እንጂ ላም የሚያስመስላት።

ቀለምም ሸምበቆ ነበር፣ ጥንት፣ በግሪክ አፍ፤
ዐረብ ብዕር አለው፣ ቀርጾ ሊጽፍ፣ ሊያጽፍ፤
እኛ ዘንድ ሲደርስ እንጨቱ መንገድ ቀረ፣
የነከሩበት ጥቁሩ ብቻውን ተሻገረ።
መቃ ግን፣ የኛው ሸምበቆ፣ በእናቴ አፍ ስም ነው።
ዝምድና የላቸውም። ግጥምጥሞሽ ነው።
ቢሆንም ስሜን ስጽፍ
መቃን በመቃ የጻፍሁ ይመስለኛል።

አንድ የአፋር ጨው ነጋዴ ጠየቅሁ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣
«ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ከንፈሬን በጣቴ ነክቼ፤
«አፍ» አለኝ።
እናቴም አፋን ትል ነበር። መሪጌታም አፍ።
ቃሉም፣ ቋንቋውም፣ ጥርስ ያለበቱም፣ አንድ አፍ።
እዚህ ላይ ቢተው እንኳ ቢጽፍ አይሳሳትም።

ፍርዱ ታረመ በኋላ። ሁለቱ ፍየል ተከፈለ።
ላሟን በቀይ መስመር ሰረዟት፤ ግን ትነበባለች፣
በመዝገብ ቤት አቧራ ላይ ዛሬም ቆማለች፤
ባለቤት የላት፣ ጥጃ የላት፣ ሣር አልቀመሰች።
ጡረታ ወጥቼ እንኳ፣ ሌሊት በዚያ ሳልፍ፣
እንቧ ስትል እሰማለሁ፤
በማን አፍ?